ዝም ያሉት ቤቶች

አራት ጎዳና የሚባል አገር ነበር። የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጠያቂው ግን ከደጃፉ ቆሞ ግራና ቀኙን ቢያይ ያን ያህል ሩቅ አይሆንበትም።

አገሩ ስሙን ያገኘው ከጎዳናዎቹ ነው። ሦስቱ ረጃጅም ናቸው፤ አራተኛው ለስሙ ጎዳና ተባለ እንጂ አንድ ሽማግሌ ሁለቴ ሳያስል የሚጨርሰው ነው። ቤቶቹ በጎዳናዎቹ ላይ ተሰልፈው ይኖራሉ፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም አያት ቅድመ አያቶች ወስነውታል። «ንጉሥ የለንም፣ ተራ አለን» ይላሉ የአገሩ ሰዎች ሲኮሩ።

በየጠዋቱ የየጎዳናው ጠሪ ከላይ እስከ ታች እየሄደ ቤቶቹን በተራቸው ይጠራል። «ቀይ ነካሪ ቤት!» ሲል ከውስጥ «አለሁ!» ይላሉ፤ ሥራም ይጀምራሉ። «ክንፍ ሰፊ ቤት!» «አለሁ!» «ጭስ አባራሪ ቤት!» «አለሁ!» ያልተጠራ ቤት አይሠራም። ያለ ተራው የተጠራ ደግሞ የሌላውን ሥራ ያበላሻል። አንድ ጊዜ ጫማ ሰፊው ቤት ባርኔጣ ሠሪው በሚጠራበት ቦታ ተጠርቶ፣ ያን ዓመት የአገሩ ሰው ሁሉ ጫማ በራሱ ላይ አድርጎ ከረመ። ትክክል አይደለም ያለ ሰው አልነበረም፤ በጥሪ የመጣ ነዋ።

በሚመልሱት ቤቶች መካከል ደግሞ ዝም ያሉ ቤቶች ነበሩ። ብዙ ናቸው። በራቸው ዝግ ነው፤ ጭስም ድምፅም አይወጣቸውም። ጠሪው ደጃቸው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እለፍ» ይላል ለራሱ፤ ያልፋልም። ለምን እንደሚያልፍ የጠየቀ ጠሪ የለም። አባቱ ሲያልፍ አይቷል፤ ያ በቂ ነው።

ሾላው በስሎ፣ ረግፎ፣ መሬት ላይ መፍላት ሲጀምርና የአገሩ ሰው ከሽታው ብቻ ሲሰክር፣ ከልጃገረዶቹ የተመረጡት ከተማ ቆርቋሪ ሆነው ወደ ወንዝ ማዶ ይወጣሉ። ቆርቋሪዋ በባዶው ሜዳ ላይ ቆማ የእናት አገሯን ጥሪ ከላይ እስከ ታች ታወርደዋለች። ቤት በጠራች ቁጥር ተከታዮቿ ያን ቤት ይሠራሉ። አንድ ቤት ብትዘል ያ ከተማ ዕድሜ ልኩን ያን ቤት እንዳጣ ይኖራል። ከመውጣቷ በፊት እናቷ ስብርባሪ ሰፈር ከሚባል ረግረግ የመጣች አንዲት የእንጨት ስንጥር በሹሩባዋ ውስጥ ትሰካላታለች። እናት ከሌለች የእናት እናት ትሰካለች። አባት ግን አይሰካም። አባት የሰካው አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ስንጥር በየቤቱ በር ጉበን ላይም ነበር፤ ጥላሸት ለብሶ፣ ማንም ቀና ብሎ ሳያየው።

በሊቀ ተራ መንክር ዘመን አንድ ሥርዓት ተጨመረ፤ የጠዋት ጥርጣሬ ይባላል። ሊቀ ተራ መንክር የጠሪዎች ሁሉ አለቃ ነው። ሲሄድ ሁለት ሎሌዎች የተወጠረ ገመድ ይዘው ይቀድሙታል፤ ገመዱ ካልዞረ እሱ አይዞርም። በእሱ ትእዛዝ እያንዳንዱ አባወራ «አለሁ!» ካለ በኋላ የሚጠረጥረውን አንድ ሰው መሰየም አለበት።

«ጎረቤቴን እጠረጥራለሁ። ትናንት ብቻውን ሳቀ።»

«እኔ ደግሞ እሱን። ስስቅ ምን ቆሞ ያዳምጣል?»

የሚጠረጥረው የሌለው ሰው ራሱ ይጠረጠራል። ስለዚህ በአራት ጎዳና ሰው ከቁርሱ በፊት ጥርጣሬውን ያሰናዳ ነበር።

የሦስተኛው ጎዳና ጠሪ ድንበሩ ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ስመኝ የምትባል አንዲት ልጅ ያለችው ሰው ነው። ድንበሩ ያልቀመሰውን ጨው ጨው ነው አይልም። በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይነካዋል፤ ነክቶት ከሄደ በኋላ በትክክል መንካቱን ይጠራጠራል። ማንን ትጠረጥራለህ ሲባል «ገና እያጣራሁ ነው» ይላል። ጥሪውን ተሳስቶ የማያውቅ በመሆኑ ይታለፋል። በዚያ ዓመት ለከተማ ቆርቋሪነት ከተመረጡት አንዷ ስመኝ ነበረች። ሾላው ሲፈላ ትወጣለች፤ የአባቷን ጥሪ ተሸክማ። ድንበሩ በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ያ ጥሪ በልጁ አፍ ላይ እንዳይጎድል ነው።

አንድ ጠዋት «ቀይ ነካሪ ቤት!» ብሎ ሲጠራ መልሱ ከሁለት ወገን መጣ፤ ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ፣ ሁለቱም የታነቀ። ቀና ብሎ ቢያይ ከቤቱ መሐል ለመሐል አንዲት የማያውቃት ጎጆ ተተክላለች። ቤቱን ለሁለት ሰንጥቃ ገብታለች። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ በለጥሻቸው እስከ ክርኗ በቀለም ተነክራ ወጣች።

«ጠሪ፣ እይልኝ! ትናንት አልነበረችም፤ ዛሬ በምድጃዬና በጋኔ መካከል ገብታ ቆመች! በዚህ ብሄድ ግድግዳ፣ በዚያ ብሄድ ግድግዳ!»

«ማን ተከላት?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ማለፍ ብቻ ነው ሥራህ?»

በዚያ ቀን ከጋኑ የወጣው ሻሽ እንደ እርጎ ነጭ ሆነ። የአራት ጎዳና ሰው ሁሉ ከዓይኑ በላይ ግንባሩ ላይ ቀይ ሻሽ ያስራል፤ ያለ ቀይ ሻሽ ማንነቱ አይለይም። ነጭ ሻሽ ያሰሩ ልጆች በጎዳናው ሲታዩ እናቶች በራቸውን ዘጉ። የዚያ ሰሞን የጠዋት ጥርጣሬ ሥራ በዛበት።

ጎጆዋን ሊያፈርሱ ተሰብስበው ሲመጡ አጧት። ተነቅላ ሄዳለች። ቀለሙም የተመለሰ መስሏቸው ነበር፤ ሻሹ ግን ቀይና ነጭ ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ። ድንበሩ ተንበርክኮ መሬቱን ዳሰሰ። ጎጆዋ በቆመችበት ቦታ የችካል ጫፍ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ጥርስ ጥርስ ተደርጎ የተጠረበ፣ በአገሩ ያልታየ አሠራር። በነቀለው ጊዜ የሽማግሌዎች አፍ አንድ ያረጀ ስም አወጣ፦ ነቅሎ ተካዮች።

ነቅሎ ተካዮች አያርሱም፣ አይሸምኑም። አንድ ሙያ ብቻ አላቸው፤ ጎጇቸውን ነቅለው ሌላ ቦታ መትከል። እነሱና ጎጇቸው አይለያዩም፤ አንድ ናቸው። የጎጇቸው ግራ ችካልና ቀኝ ችካል ፊት ለፊት ተያይተው የቆሙ መንትዮች ይመስላሉ። በእነዚያ ሁለት ችካሎች መካከል ያለውን ሁሉ ይዘው ይነሣሉ፤ የሚያርፉበትን ቤት ግን ባለቤት አለው የለውም ብለው አይመርጡም።

ሊቀ ተራ መንክር ድንበሩን አስጠርቶ «ችካሉ ከየት እንደ መጣ አጣራ። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ» አለው። ለድንበሩ ከዚህ የተሻለ ትእዛዝ አልነበረም።

ስብርባሪ ሰፈር የሦስተኛው ጎዳና መጨረሻ ላይ፣ ማንም የማይጠራው ረግረግ ነው። ጠሪዎች እዚያ ሳይደርሱ ይመለሳሉ። ነዋሪዎቹ አሮጊቶች ናቸው፤ ጭቃው ውስጥ ገብተው የተሰባበረ እንጨት ይለቅማሉ። አለቃቸው እማማ ጠጂቱ የድንበሩ ሚስት እናት ነበረች። ድንበሩ ሲደርስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማለች።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ?»

«ደህና ነኝ። አማቼ ሥራ ይዞት እንጂ ናፍቆት ይዞት እንደማይመጣ አውቃለሁ። እስቲ የጨበጥከውን አሳየኝ።»

ችካሉን ሰጣት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከኋላዋ ካለው ክምር እጇን ሰዳ ሌላ የተሰበረ እንጨት አወጣችና ጥርሱን ከጥርሱ ጋር አጋጠመችው። ልክ እንደ ሁለት መዳፍ ተያያዘ።

«ይኸውልህ ወንድሙ» አለች።

ድንበሩ ጎንበስ ብሎ ግጥሚያውን ነካው። «ይህን ከየት አመጡት?»

«እኔ አላመጣሁትም፤ በእግሩ መጣ። እዚህ የገባ አይወጣም፣ ልጄ። ነቅሎ ተካይ ዘሎ ዘሎ አንድ ቀን እዚህ ጭቃ ላይ ያርፋል። ልነቀል ብሎ ሲታገል ይሰበራል። እኛ ስብርባሪውን እንለቅማለን፤ ስንጥሩን ለየቤቱ እናድላለን።»

«ለምን?»

«ውሻህ ነብር እንዲያሳድድ ስትፈልግ ምን ታደርጋለህ? አስቀድመህ የነብር ቆዳ ታሸትተዋለህ። ቤትም እንደዚያው ነው። ነቅሎ ተካይ ሊነሣ ሲል መጀመሪያ ያዳምጣል። ከጉበኑ ላይ የገዛ ችካሉን ድምፅ ከሰማ ታውቆበታል፤ ተመልሶ ይቀመጣል።»

«ማን ነው የሚቀመጠው? አገሩ ውስጥ ነቅሎ ተካይ የለም እኮ።»

እማማ ጠጂቱ ሳቀች። «አንተ በየጠዋቱ እለፍ እያልክ የምታልፈው ማንን ነው?»

ድንበሩ ዞሮ ጎዳናውን አየ። ዝም ያሉት ቤቶች በየመካከሉ፣ በራቸውን ዘግተው ቆመዋል። «ግማሹ አገር?» አለ በቀስታ።

«ይበልጥ እንደሆነ እንጂ አያንስም። ከአያቶችህ በፊት መጥተው እዚህ ያረጁ ናቸው። ሁሉም ክፉ አይምሰልህ። አንድ መርዛም ጭስ በወረደብን ዘመን ጭስ አባራሪ ቤት ድምፁ የማይሰማ ደካማ ቤት ነበር። አንድ ነቅሎ ተካይ መጥቶ አጠገቡ ቢተከል ቤቱ ደንግጦ ጮኸ፤ ይኸው እስካሁን ይጮኻል። በዚያ ጩኸት ነው የተረፍነው።»

«ቀይ ነካሪ ቤት የገባውስ? ስንጥር አልነበረም?»

«በለጥሻቸው አምና በሯን ስታሳድስ የድሮውን ጉበን ምን እንዳደረገችው ጠይቃት። እኔ ልንገርህ፤ ቀለም አፈላችበት።»

ድንበሩ «ነቅሎ ተካይ ሲያዳምጥ ተመልሶም ሲቀመጥ በዓይንዎ አይተዋል?» አለ።

«የሚቀመጥ ነገር ምን ይታያል? ሳይነሣ መቅረቱን ነው የምታየው።»

«እንግዲያው እርስዎም እኔም አላየነውም ማለት ነው።»

«አንተ ያላየኸው ሁሉ የለም ከተባለ፣ ልጄ፣ አገራችን በጣም ትንሽ ናት።»

በማግስቱ በተራ አዳራሽ ሹማምንቱ ተሰበሰቡ። ሊቀ ተራ መንክር ገመዱን ከፊቱ አስወጥሮ ተቀመጠ።

«ችካሉ ከስብርባሪ ሰፈሩ እንጨት ጋር ገጠመ ወይስ አልገጠመም?»

«ገጠመ፣ ጌታዬ። ነገር ግን...»

«ነገር ግን የሚባል ቤት በየትኛው ጎዳና ላይ ነው ያለው?»

ሹማምንቱ ሳቁ። ድንበሩም ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወስዶ አሰበበት። «የለም፣ ጌታዬ።»

«ሌላ በዓይንህ ያየኸው አለ?»

የነብሩ ቆዳ፣ ጉበኑ፣ ዝም ያሉት ቤቶች፣ ሁሉም በምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ። ግን ከአንዲት አሮጊት የሰማቸው ናቸው፤ አላጣራቸውም። ያላጣራውን ተናግሮ አያውቅም። «ያየሁት ይኸው ነው» አለ።

ሊቀ ተራ መንክር ተነሣ። «የሌባው ዱላ የተገኘው በማን ቤት ነው? በአሮጊቶቹ ቤት። ነቅሎ ተካዮችን የሚፈለፍለው ስብርባሪ ሰፈር ነው! ለየቤቱ የበተኑት ስንጥርም ዘሩ ነው!» አለ። ሰፈሩ ይደልደል፤ ከየጉበኑ ስንጥር ይነቀልና ይቃጠል፤ አሮጊቶቹ በአሮጌው የበግ በረት ውስጥ ይታሰሩ፤ የሚቀልባቸው ዘመድ ስንቅ ያመላልስ ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንጥር የተገኘበት ሰው እንደ ነቅሎ ተካይ ይቆጠራል።

ስመኝ አባቷን ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«አባባ፣ ገጠመ አልክ?»

«ገጥሟል፣ ስመኝ። ልዋሽ?»

«ቁልፍም ከበሩ ጋር ይገጥማል። ስለገጠመ በሩን የሰበረው ቁልፉ ነው?»

ድንበሩ የበሩን መዝጊያ ነካ፤ ተመልሶም ነካው።

«እሺ፣ አያቴ በረት ገባች። በሹሩባዬ ውስጥ ማን ሊሰካልኝ ነው?»

«ስንጥሩ እኮ ልማድ ነው፣ ልጄ። ምን እንደሚሠራ ያጣራ የለም።»

«ጥሪውም ልማድ ነው» አለችና ገባች።

ሰፈሩ ሲደለደል ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ፤ አሮጊቶቹ እየተነዱ ሲያልፉ ነጭ ሻሽ የወረወረባቸውም ነበር። ስንጥሮቹ ሲቃጠሉ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። «ጸዳን!» ተባለ። የጠዋት ጥርጣሬው ግን አልቆመም፤ ከጸዱ በኋላ ማን እንዳልጸዳ መለየት ነበረበት።

ጥቂት ቀናት በሰላም አለፉ። ከዚያ ድንበሩ አንድ ጠዋት ከአንዱ ዝምተኛ ቤት ደጅ «እለፍ» ብሎ ሊያልፍ ሲል ከውስጥ ሳል ሰማ። ጆሮው የዋሸው መስሎት ቆመ። ሳሉ እንደገና መጣ፤ ብዙ ዘመን ተኝቶ የነቃ ሰው ሳል። በማግስቱ ቤቱ በቦታው የለም። ክንፍ ሰፊው ቤት ወገብ ላይ ቆሟል፤ የዚያን ቀን የተሰፋው ክንፍ ሁሉ ተኮማትሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠር! ዝም ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ ተነሡ። ጠሪው ጠዋት የጠራውን ቤት ቀትር ላይ ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ሁለት ነቅሎ ተካዮች አንድ የጎዳና ቁራጭ ከግራና ከቀኝ ይዘው ተነሥተው ገልብጠው መለሱት፤ የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ ሆነ። የሦስተኛው ጎዳና ጅራት ተቆርጦ ሁለተኛው ጎዳና ላይ ተቀጠለና ሁለቱ ጠሪዎች በአንድ ደጅ ተገናኝተው ተደባደቡ። «የኔ ነው!» «ማን ጠራህ!» ቤቱም ለሁለቱም አልመለሰም።

ከሁሉ የከፋው ከወንዝ ማዶ መጣ። አልጋነሽ የምትባል ቆርቋሪ ሾላው ሳይፈላ፣ ያለ ስንጥር ቀድማ ወጥታ ነበር። ጥሪዋን አላጎደለችም አሉ። ቤቶቹ ግን ተሠርተው ሳያልቁ ተነሥተው እርስ በርስ ተላተሙ፤ ከተማዋ አንዲት ቀን እንኳ «አለሁ» ሳትል ፈረሰች። አልጋነሽ ተመልሳ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ድምፅዋን አልሰማም።

ሊቀ ተራ መንክር ሕዝቡን በተራ አዳራሽ ፊት ሰበሰበ። «አይዟችሁ!» አለ ከደጃፉ ሆኖ። «ተራ አይናወጥም! ይህ አዳራሽ ከአያቶቻችን ጀምሮ ከቆመበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት...» ይህን ሲል ከበስተኋላው ሳል ተሰማ። አዳራሹ በግራና በቀኝ ችካሉ ብድግ አለ። ሊቀ ተራ መንክር ደጃፉን እንደ ጨበጠ፣ ሎሌዎቹ ገመዱን ወጥረው ከሥር እየሮጡ፣ አዳራሹ ሄዶ ሾላ ጠማቂው ቤት መካከል ተተከለ። ሊቀ ተራ ከእርሾው ገንዳ ውስጥ ወጣ፤ ፊቱን ጠረገና «ይህን ቤት እዚህ የተከለው ማን ነው?» ብሎ ሕዝቡን በዓይኑ ለቀመ። ማንም አልሳቀም። ብቻውን ሳቀ ተብሎ የተጠረጠረው ያ ጎረቤት እንኳ ከንፈሩን ነከሰ።

የዚያን ቀን አዲስ ትእዛዝ ወጣ፦ ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው የቀረ ስንጥር ነው፤ ስለዚህ ቆርቋሪ ሁሉ ሲወጣ በበሩ ላይ ይፈተሽ፤ የሚፈትሸውም የጎዳናው ጠሪ ይሁን።

ድንበሩ ስብርባሪ ሰፈር ወደ ነበረው ስፍራ ሄደ። ተደልድሎ ሜዳ ሆኗል፤ ከአፈሩ በታች ግን ጭቃው አልሞተም። ቆሞ ሲያይ አንዲት ጎጆ ከሰማይ እንደ ወረደ ጉማሬ ጧ ብላ አረፈች። ሰመጠች። ልነሣ ብላ ታገለች፣ ግራ ችካሏ ተነቀለ፣ ቀኙ አልለቀቀም፤ ወገቧ ላይ ተሰበረች። አንዴ አሳለችና ዝም አለች። ድንበሩ ገብቶ አንድ ስንጥር ሰበረ።

እንደ ልማዱ ሊያጣራው ፈለገ። በጎረቤቱ የሚያስል ዝምተኛ ቤት ነበር፤ ስንጥሩን ጉበኑ ላይ ሰክቶ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አደረገ። ሳሉ አላቋረጠም። በሌላ ቤት ሞከረ፤ ያው ነው። ስንጥሩ እንጨት ብቻ ነበር። ያኔ ስንቅ ቋጥሮ፣ ስንጥሩን በስንቁ ውስጥ ከትቶ፣ ስመኝን ይዞ ወደ በግ በረቱ ሄደ።

ጠባቂው ስንቁን ላዩን ነካ ነካ አድርጎ አስገባቸው። እማማ ጠጂቱ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ነው።

«አማቼ ዛሬም ሥራ ይዞት ነው የመጣው?»

ድንበሩ ከፊቷ ተንበረከከ። «ሲሰበር በዓይኔ አየሁት፣ እማማ። ስሰካው ግን አልሠራም።»

«አባት የሰካው አይቆጠርም ሲሉህ ያልገባህ ነገር ነበር ማለት ነው። ስንጥሩ ጆሮ ነው፤ ምን እንደሚሰማ የምትነግረው እናት ናት። እኔ ለእናቷ ነግሬያለሁ፣ ለእኔ እናቴ ነግራኛለች።» ከስንቁ ውስጥ ስንጥሩን በመዳፏ ደብቃ አነሣች። «ስመኝ፣ ነይ ቁጭ በይ፤ ሹሩባሽ ተበላሽቷል።»

ጠባቂው አጥሩን ተደግፎ ያያል። አሮጊቷ የልጅ ልጇን ፀጉር ፈታች፣ ለየች፣ ጎነጎነች፤ እየጎነጎነችም በጆሮዋ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች። ጠባቂው አየ፤ ያየው ግን ሹሩባ ነው።

ድንበሩ «ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ውሸት አልተናገርክም እኮ» አለች እማማ ጠጂቱ፣ ቀና ሳትል። «ግማሽ እውነት ተናገርክ። ግማሽ ቤት ምን እንደሚሆን በለጥሻቸውን ጠይቃት።»

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አባትና ልጅ ጥሪውን ተለማመዱ፤ አሁን ጎዳናው ላይ ያለውን የተገለባበጠ ሳይሆን ድንበሩ ከአባቱ የተቀበለውን። ስመኝ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ እለፍ ነው የምትለው። ዝም ያሉትንም ልውሰዳቸው?»

«እነሱንም። በየቦታቸው። አንድም እንዳትዘዪ።»

«ካሳሉስ?»

«ለዚያ ነው አያትሽ የጎነጎነችሽ።»

ሾላው ፈላ። ስመኝ ከተከታዮቿ ጋር ወደ ወንዙ በር ወረደች። ሊቀ ተራ መንክር ገመዱን በበሩ አስወጥሮ ቆሟል፤ ልብሱ እስካሁን እርሾ ይሸታል።

«ጠሪ ድንበሩ፣ ሥራህን ሥራ» አለ። «ዘመዴ ናት ብለህ እንዳትለሳለስ።»

ድንበሩ የልጁን እጅ ዳሰሰ፣ ቀሚሷን ዳሰሰ፣ መቀነቷን ፈትቶ አራገፈ። ጣቶቹ ወደ ሹሩባዋ ገቡ። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከወፍራሙ ጉንጉን ሥር ደረቅ ነገር ወጋው።   ድንበሩ ያን ነገር እንደ ልማዱ ሁለተኛ ነካው። ስንጥር ነው። ጥርሱን ለይቶ አወቀው። ከዚያ በሦስተኛው ጎዳና ላይ ዕድሜውን ሙሉ በጠራበት ድምፅ፣ ጮክ ብሎ፣ «የለም!» አለ።

ሊቀ ተራ መንክር ገመዱን ተሻግሮ አየው። «አጣርተሃል?»

«ሁለቴ ነካሁት፣ ጌታዬ።»

ገመዱ ዞረ። ስመኝ አለፈች። ወደ ኋላ አላየችም፤ እሱም እንድታይ አልፈለገም።

«አሁንማ አጣርተህ ጨርሰሃል» አለ ሊቀ ተራ መንክር፣ ሊሄድ ሲል የጠዋት ጥርጣሬው ትዝ ብሎት። «እስቲ ዛሬ እንኳ ሰይም። ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ጠሪውን» አለ ድንበሩ።

ሹማምንቱ ትሕትና መስሏቸው ሳቁ። በአራት ጎዳና፣ ጥርጣሬ ግዴታ ከሆነ ወዲህ የተሰየመ እውነተኛ ጥርጣሬ ያ ብቻ እንደ ነበር የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ድንበሩ ጎዳናውን ለመጥራት አልወጣም፤ ወንዙ ዳር ቆሞ አዳመጠ። ነፋሱ ከማዶ የስመኝን ድምፅ ቆራርጦ ያመጣል። «ቀይ ነካሪ ቤት!» «አለሁ!» «ክንፍ ሰፊ ቤት!» «አለሁ!» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እለፍ ማለቷ ነው። ድንበሩ ጆሮውን አቀና። ሳል ጠበቀ። ወንዙ ይፈሳል፤ ከማዶ ምንም አይሰማም። እንደገና ዝቅ አለ ድምፅዋ፤ እንደገና ምንም የለም። ዝም ያሉት ቤቶች ዝም ሲሉ ሰማ። ይህን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ በየጠዋቱ ሲሰማው ኖሮ፣ መስማቱን ያወቀው ገና ያን ዕለት ነው።

በወዲህኛው አገር ቤቶቹ ዛሬም ይነቀላሉ፣ ይተከላሉ፤ ሊቀ ተራ መንክርም የሚጠረጠር አላጣም። እማማ ጠጂቱ በበረቱ ውስጥ ናት። ጠባቂዎቹ ግን አንድ ነገር እየገረማቸው ነው ይባላል፤ የማትዛመዳቸው እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ስንቅ ያመላልሱላታል፣ የአራት ጎዳናም ልጃገረዶች እንደዚህ ዘመን ፀጉራቸውን አምረው ተጎንጉነው አያውቁም።

ይህን የሰማ ሰው ቤቱ ሲገባ ቀና ብሎ ጉበኑን ይይ።